የአኦርታ መሰንጠቅ፦ ሌላ በሽታ መስሎ የሚመጣው ገዳይ ሕመም ከገዳሪፍ እስከ መተማ

ጥቅምት ሲገባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት ሰፋፊ እርሻዎች ላይ ሰሊጥ ይደርሳል። ለአጨዳው ከሱዳን ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሚመጡ ብቻ ሳይሆኑ፣ በመተማ በኩል ድንበር የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞችም ለብዙ ዓመታት ሲሰማሩበት የኖሩበት ሥራ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ኩንታሉም ይከብዳል።

እስቲ እንዲህ ያለ አጋጣሚ እናስብ። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ አንድ ሠራተኛ ኩንታል ሊያነሳ ጎንበስ ባለበት ቅጽበት በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል አንዳች ነገር ይወጋዋል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሕመሙ ቀለል ይልለታል፤ ነገር ግን ግራ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይቀዘቅዛል። ባልደረቦቹ "ውጋት ነው፤ ትንሽ ዕረፍ" ይሉታል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ የወባ ምርመራ ይደረግለታል፤ ወባ አልተገኘበትም። የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል። ሌሊቱን ግን አያድርም።

ይህ ሰው ምናባዊ ነው። የሕመሙ አካሄድ ግን ለሕክምናው ዓለም እንግዳ አይደለም። ድንገተኛ የአኦርታ መሰንጠቅ ይባላል። በሽታው ብዙ ጊዜ የማይታጋሱት የደረት ሕመም ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ ግን እንደ ስትሮክ፣ እንደ ኩላሊት ጠጠር፣ እንደ ጨጓራ ወይም እንደ እግር ሽባነት ሆኖ ይገለጣል። ሲቲ ስካንና የልብ ቀዶ ሐኪም በሩቅ በሚገኙበት አካባቢ ደግሞ በሽታውን ቀድሞ የመጠርጠር ዕድሉ በአብዛኛው ያለው በመጀመሪያው ጤና ባለሙያ እጅ ነው።

አኦርታ ምንድን ነው? ሲሰነጠቅስ ምን ይሆናል?

አኦርታ የሰውነታችን ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። ከልብ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፍና በአከርካሪ አጥንት አጠገብ ቁልቁል ይወርዳል። እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለቱ እግሮች ለሁለት ይከፈላል። በመንገዱ ላይ ለልብ ጡንቻ፣ ለአንጎል፣ ለክንዶች፣ ለኅብለ ሰረሰር፣ ለአንጀትና ለኩላሊቶች ደም የሚያደርሱ ቅርንጫፎች ከእርሱ ይወጣሉ።

የአኦርታ ግድግዳ ሦስት ንብርብሮች አሉት። የውስጠኛው ንብርብር ሲቀደድ በከፍተኛ ግፊት የሚገፋው ደም በንብርብሮቹ መካከል ሰርጎ ይገባና ግድግዳውን እየላጠ ይሄዳል። ገበሩ የተቀደደ ኮት የሚለብስ ሰው እጁ በእጅጌው በመውጣት ፈንታ በገበሩና በጨርቁ መካከል ገብቶ እንደሚቀር ሁሉ፣ ደሙም ትክክለኛውን መንገድ ትቶ በሐሰተኛ መተላለፊያ ይጓዛል።

የበሽታው ብዙ መልክ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ሐሰተኛው መተላለፊያ እየሰፋ ሲሄድ ያገኘውን ቅርንጫፍ ይጫናል ወይም ይዘጋል። ወደ አንጎል የሚሄደው ሲዘጋ ስትሮክ ይመስላል። የኩላሊቱ ሲዘጋ የጎን ሕመም ይሆናል። የአንጀቱ ሲዘጋ ሆድ ይቆርጣል፤ የእግሩ ሲዘጋ ደግሞ እግር ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል። ለኅብለ ሰረሰር የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ሁለቱም እግሮች በድንገት ሊከዱ ይችላሉ። ለልብ ጡንቻ ደም የሚሰጠው ቅርንጫፍ ሲነካ ደግሞ የልብ ምርመራ መሣሪያው፣ ኢሲጂ፣ በልብ ደም ቧንቧ መዘጋት ከሚመጣው ድንገተኛ የልብ ሕመም የማይለይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል።

ሐኪሞች በሽታውን በሁለት ይከፍሉታል። ከልብ አጠገብ ያለውን፣ ወደ ላይ የሚወጣውን የአኦርታ ክፍል የሚነካው "ዓይነት ኤ" ይባላል፤ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይሻል። ያንን ክፍል ሳይነካ የቁልቁለቱን ክፍል የሚያጠቃው "ዓይነት ቢ" ነው። ይህኛው ወሳኝ የአካል ክፍል ደም ካላጣ ወይም ቧንቧው ወደ መፈንዳት ካላመራ በአብዛኛው የደም ግፊትንና የልብ ምትን በመድኃኒት ዝቅ በማድረግ ይታከማል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ስለ በሽታው ካሉት መረጃዎች ሰፊው የሚገኘው እአአ በ1996 ከተመሠረተው ዓለም አቀፍ የድንገተኛ አኦርታ መሰንጠቅ መዝገብ ነው። መዝገቡ በ2000 ይፋ ባደረገው የ464 ሕሙማን ጥናት፣ ከአሥር ዘጠኙ ሕመማቸውን እጅግ ከባድ ወይም በሕይወታቸው ተሰምቷቸው የማያውቅ ሲሉ ገልጸውታል። ከመቶ 85 በሚሆኑት ላይ ሕመሙ የጀመረው በድንገት ነበር። ከመቶ 72 ያህሉ ቀድሞውኑ የደም ግፊት ሕሙማን ነበሩ።

ይሁንና ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ከሕሙማኑ ከመቶ ዘጠኝ የሚሆኑት ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ከመቶ 31 የሚሆኑት የኢሲጂ ውጤት ጤናማ ነበር። ከመቶ 12 የሚሆኑት የደረት ራጅም ምንም እንከን አላሳየም።

ከአራት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ የመዝገቡ ጥናት ደግሞ ምንም ሕመም ያልተሰማቸውን ሕሙማን ተመለከተ። ከ977 ሰዎች መካከል 63ቱ፣ ማለትም ከመቶ ስድስት የሚበልጡት፣ ሕመም አልነበራቸውም። እነዚህ ሰዎች ወደ ሆስፒታል የመጡት ራሳቸውን በመሳት፣ በልብ ድካም ወይም በስትሮክ ምልክት ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈውም ሕመም ከነበራቸው ይልቅ በዛ ባለ መጠን ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሞተዋል። ሕመም አለመኖሩ በሽታው ቀላል ለመሆኑ ማስረጃ እንዳልሆነ ይህ ቁጥር ያሳያል።

ጊዜም በዚህ በሽታ ላይ ይጨክናል። ዓይነት ኤ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የመሞት ዕድሉ በየሰዓቱ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ እንደሚጨምር ለረጅም ዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የመዝገቡ የቅርብ ጊዜ ትንታኔ ቁጥሩን ወደ ግማሽ በመቶ ዝቅ አድርጎታል። እርሱም ቢሆን በሁለት ቀን ውስጥ ከአራት ሰዎች አንዱን የሚወስድ ነው።

ታዋቂዎችም፣ ሊቁም ተታለዋል

የአኦርታ መሰንጠቅ ካታለላቸው መካከል ትላልቅ ሆስፒታሎች ይገኙበታል። "ሬንት" የተሰኘው ታዋቂ ሙዚቃዊ ተውኔት ደራሲ አሜሪካዊው ጆናታን ላርሰን እአአ በጥር 1996 በጥቂት ቀናት ልዩነት ወደ ሁለት የኒው ዮርክ ሆስፒታሎች ሄዶ ነበር። አንደኛው ጋ የምግብ መመረዝ፣ ሌላኛው ጋ ቫይረስ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሞተው ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ሊቀርብ በታሰበበት ዕለት ነው። ዕድሜው 35 ነበር። የሞቱ ምክንያትም የአኦርታ መሰንጠቅ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው የማይክል ደቤኪ ታሪክ ነው። ይህ አሜሪካዊ የልብ ቀዶ ሐኪም የተሰነጠቀ አኦርታን በቀዶ ሕክምና ለመጠገን ፈር ከቀደዱት አንዱ ነበር። እአአ በ2005 የመጨረሻ ቀን፣ በ97 ዓመቱ፣ ቤቱ ሳለ ድንገተኛ ሕመም ሲሰማው መጀመሪያ የገመተው ልቡ ሊቆም መሆኑን ነበር። ሕመሙ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያክመው የኖረው በሽታ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ራሱ ባዳበረው ዘዴ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ተረፈም። ያረፈው በ2008፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው።

በሽታው በአስከሬን ምርመራ በግልጽ ከተመዘገበባቸው ቀደምት ሰዎች አንዱ ደግሞ እአአ በ1760 በድንገት የሞተው የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ ነው። ሐኪሙ ፍራንክ ኒኮልስ የንጉሡን አስከሬን ሲመረምር ልብን በከበበው ከረጢት ውስጥ የረጋ ደም፣ በአኦርታው ላይ ደግሞ ስንጥቅ አገኘ።

የድንበሩ አካባቢ ፈተና

ገዳሪፍና የኢትዮጵያው ምዕራብ ጎንደር የሚጋሩት ቆላ የራሱ በሽታዎች አሉት። ወባ አለ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛር በሁለቱም ወገን ይገኛል፤ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በገዳሪፍ ግዛት በታባረክ አላህ፣ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በአብደራፊ ለዚሁ በሽታ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። በእርሻ ወቅት የእባብ ንክሻ ይበዛል። በዚህ አካባቢ የሚሠራ ጤና ባለሙያ በድንገት የወደቀ ሰው ሲመጣለት ቀድሞ ወደ ሐሳቡ የሚመጡት እነዚህ ናቸው፤ ትክክልም ነው። የአኦርታ መሰንጠቅ ግን አልፎ አልፎ ትኩሳትም ሊያስከትል ስለሚችል፣ ታማሚው ከወባ ሕሙማን ተርታ ተሰልፎ ሊያልፍ ይችላል።

በሌላ በኩል የዚህ በሽታ ዋነኛ መንስዔ፣ የደም ግፊት፣ በአካባቢው ብርቅ አይደለም። እአአ በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓለም ዙሪያ የደም ግፊት ካለባቸው አምስት ሰዎች አራቱ በቂ ሕክምና አያገኙም፤ ግማሽ ያህሉም ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

ስደትና ጦርነት ደግሞ ያለውንም ክትትል ያቋርጣሉ። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ጦርነት ሳቢያ ከ60 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰድደው፣ ብዙዎቹ በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ሰዎችን በተቃራኒው አቅጣጫ አፈለሰ። ብዙ ሱዳናውያን ወደ ገዳሪፍ ተፈናቀሉ፤ ሌሎችም በገላባት በኩል መተማ ገቡ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በጥቃትና በዝርፊያ ሳቢያ በ2016 ዓ.ም. መጠለያቸውን ጥለው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ለመኖር ተገድደዋል። እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ ያለ ሰው የደም ግፊት ክኒኑ ሲያልቅበት ሌላ ማግኘት ይቸግረዋል።

ሪፈር ተብሎ የሚላክበት መንገድም ተለውጧል። ከጦርነቱ በፊት ከገዳሪፍ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው የሚያመራው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ካርቱም ነበር። በካርቱም ደቡባዊ ዳርቻ፣ ሶባ በተባለው ሰፈር፣ ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን ግብረ ሰናይ ድርጅት እአአ በ2007 የከፈተው የሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንን ጨምሮ የብዙ አገሮችን ሕሙማን በነጻ ሲያክም ቆይቷል። ጦርነቱ የፈነዳው በዚያው ከተማ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከመተማ እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በተባባሰው ግጭት ይህ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ከርሟል።

በሁለት እጅና በአንድ መሣሪያ ምን መለየት ይቻላል?

በሽታውን በእርግጠኝነት የሚያረጋግጠው በአብዛኛው ሲቲ ስካን ነው። ለመጠርጠር ግን ሲቲ ስካን አያስፈልግም።

የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው። "ሕመሙ ሲጀምርህ ምን እያደረግህ ነበር?" የሚል ጥያቄ ብዙ ይገልጣል። ታማሚው የጀመረበትን ቅጽበት፣ ያነሳውን ዕቃ ወይም የተናገረውን ቃል ሳይቀር የሚያስታውስ ከሆነ ሕመሙ ድንገተኛ ነው ማለት ነው። ከደረት ተነስቶ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባም ወደ ሆድ የሚዘዋወር ሕመም ይበልጥ ያስጠረጥራል። አሁን ሕመሙ ቢጠፋም ጥያቄው መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ጣት ነው። በሁለቱም የእጅ አንጓዎችና በሁለቱም ብሽሽቶች ላይ የደም ምትን መዳሰስ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። በአንዱ ወገን ምቱ ከጠፋ ወይም ከደከመ አደጋ አለ።

ሦስተኛው የደም ግፊት መለኪያ ነው። የተለመደው አሠራር በአንድ ክንድ መለካት ነው። እንዲህ ባለው ታማሚ ግን በሁለቱም ክንዶች መለካት ይገባል። የላይኛው ቁጥር በሁለቱ ክንዶች መካከል ከ20 በላይ ከተለያየ በሽታውን ያስጠረጥራል።

እነዚህ ምልክቶች ካልታዩ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም። በ464ቱ ሕሙማን ጥናት የደም ምት መጥፋት የታየው ከመቶ 15 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች አንድ ደንብ ይመክራሉ፦ በአንድ ታማሚ ላይ የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ችግሮች በአንድ ጊዜ ከታዩ አኦርታን አስብ። የደረት ሕመምና የእግር ድንዛዜ፣ የጀርባ ሕመምና ራስን መሳት፣ የአንገት ሕመምና የአንድ ወገን ሽባነት፣ ወይም በድንገት የጎረነነ ድምፅ ከደረት ሕመም ጋር ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

አልትራሳውንድ ባለበት ሆስፒታል ሌላም ማየት ይቻላል። በልብ ዙሪያ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ የሰፋ የአኦርታ ሥር ወይም በሆድ ውስጥ ባለው አኦርታ የሚውለበለብ ቀጭን ሽፋን መታየቱ በሽታውን አጥብቆ ይጠቁማል።

ሳያውቁ ማባባስም አለ

በሽታውን ከሌላ ጋር ማምታታት የሚያስከትለው ጉዳት ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም። ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ነው ተብሎ የሚሰጠው የረጋ ደም ማሟሟያና ደም ማቅጠኛ መድኃኒት፣ የተሰነጠቀ አኦርታ ላለበት ሰው ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። በመሆኑም የአኦርታ ጥርጣሬ ካለ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ጥርጣሬው መጣራት ይኖርበታል።

ሌላው የደም ግፊት ማውረጃ ምርጫ ነው። በአካባቢው ሆስፒታሎች በስፋት የሚታወቀው ሃይድራላዚን ግፊቱን ሲያወርድ የልብ ምትን ያፋጥናል፤ ይህም በተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ይጨምራል። በዚህ በሽታ ቀድሞ የሚሰጠው የልብን ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው፤ ፕሮፕራኖሎልና ላቤታሎል ከዚህ ወገን ናቸው። ዓላማው የልብ ምትን በደቂቃ ከ60 በታች፣ የደም ግፊቱን የላይኛ ቁጥር ደግሞ ታማሚው እስከቻለው ድረስ ከ100 እስከ 120 ማድረስ ነው። እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻም ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ግፊቱንም ያወርዳል። የታማሚው ግፊት አስቀድሞ የወደቀ ከሆነ ግን እነዚህ መድኃኒቶች ጎጂ ናቸው። ያ ምልክት ደም እየፈሰሰ ወይም ልብ በደም እየታፈነ ሊሆን ይችላል።

አንባቢ ምን ያድርግ?

የአኦርታ መሰንጠቅ በሰፊው የሚታይ በሽታ አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በዓመት ከ100 ሺህ ሰዎች ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑትን እንደሚያጠቃ ይገመታል። አብዛኛው የደረት ሕመም ከዚህ የተለየ ምክንያት አለው። ነገር ግን ድንገተኛና ከባድ የደረት፣ የጀርባ ወይም የሆድ ሕመም የያዘው ሰው፣ በተለይም ሕመሙን ተከትሎ ራሱን ከሳተ ወይም እጅና እግሩ ከደነዘዘ፣ ሕመሙ ቢተወውም ማደር የለበትም። ወደ ሆስፒታል ሲሄድም ራሱን ችሎ ባይራመድ ይመረጣል።

ቀድሞ መከላከሉ ግን ከሁሉም ይቀልላል። የደም ግፊትን መለካት በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነገር ነው። እንደ አምሎዲፒን ያሉት ክኒኖችም ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ የቆዩና ዋጋቸው ከሌሎች አንጻር ዝቅተኛ ነው። ብዙዎች "ተሽሎኛል" ብለው መድኃኒቱን ያቋርጣሉ፤ የደም ግፊት ግን ሳይታወቅ ሊከርም የሚችል በሽታ ነው። ለመሰደድ የተገደደ ሰው ከሰነዶቹ ጋር የሚወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን በወረቀት ጽፎ ቢይዝ፣ በሚደርስበት ጤና ጣቢያ ክትትሉን መቀጠል ይቀልለዋል።

ከቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነት በድንገት የሞተ ሰው ያለው፣ ወይም ከቤተሰቡ ተለይቶ በጣም ረጅምና ጣቶቹም ረጃጅም የሆኑ ሰው ማርፋን የተባለውን በዘር የሚተላለፍ ችግር ሊመረመር ይገባል፤ ይህ ችግር የአኦርታን ግድግዳ ያሳሳል። እነዚህ ሰዎችና የደም ግፊታቸው ያልተስተካከለ ሠራተኞች ኩንታል ከማንሳት ቢታቀቡ ይመከራል፤ ትንፋሽን ይዞ ከባድ ዕቃ ማንሳት የደም ግፊትን ለቅጽበት እጅግ ከፍ ያደርገዋልና።

ወደ ምናባዊው የሰሊጥ አጫጅ እንመለስ። ጤና ጣቢያ በደረሰ ጊዜ አንድ ሰው "ሕመሙ እንዴት ጀመረህ?" ብሎ ቢጠይቀው፣ በሁለቱም ክንዶቹ ግፊቱን ቢለካለት፣ የቀዘቀዘውን እግር የደም ምትም ቢዳስስለት ኖሮ መዳኑ እርግጠኛ ነበር ማለት አይቻልም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም ከባድ ነው። ነገር ግን ማስታገሻ ይዞ ወደ ማደሪያው በመመለስ ፈንታ ግፊቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ምን እንደተጠረጠረ በግልጽ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሄድ ነበር።